የመደቡ ስፌት፤ የካንቫስ ጥልፍ ታሪክና የጀማሪው ድርሻ

ስለ ጥልፍ ጥበብ የተጻፈ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርከው ስለ ምስሉ ነው። አበባው፣ ወፉ፣ የመኳንንቱ ዓርማ፣ የቅዱሱ ፊት በስም ይጠራል፤ ንድፉን የነደፈው ይታወሳል፤ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ይመዘገባል። በምስሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ ማለትም መደቡ፣ ግን እንደ አየር ተቆጥሮ ይታለፋል። ይሁን እንጂ በካንቫስ ጥልፍ ትልቁን የሥራ ጊዜ የሚወስደው፣ ብዙውን ክር የሚጨርሰው፣ ሥራው ለረጅም ዘመን ማገልገሉን ወይም ተጣምሞና ተበጣጥሶ መቅረቱን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ስም የሌለው ሜዳ ነው። ለጀማሪ እጅ አዘውትሮ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ለመደቡ የትኛውን ቀላል ስፌት ይምረጥ የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ የጓዳ ጥያቄ ቢመስልም፣ ስለ ሰው ድካም፣ ስለ ሙያ ትምህርትና ስለ ዕደ ጥበብ ክብር የሚያነሣው ቁም ነገር አለ።

የካንቫስ ጥልፍ ከተለመደው የልብስ ጥልፍ የሚለይበት ዐቢይ ነጥብ በመጀመሪያ መታወቅ አለበት። የአገር ባህል ቀሚስ ሲጠለፍ መርፌ የሚያርፈው ጥልፉ በሚወጣበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ነጩ ሸማ ራሱ ይሞላዋል። የካንቫስ ጥልፍ የሚሠራው ግን ድርና ማጉ ተራርቆ እንደ ወንፊት በተሠራ ጠንካራ ጨርቅ ላይ ነው። ይህ ጨርቅ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም፤ በመሆኑም ምስሉም መደቡም፣ አንድ ቀዳዳ ሳይቀር፣ በሱፍ ወይም በሐር ክር መሸፈን ይኖርበታል። ነገሩን በቁጥር ለመረዳት አንድ ትራስ ይወሰድ። እያንዳንዱ ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነና በአንድ ሴንቲ ሜትር 4 ቀዳዳ ያለው ካንቫስ 25,600 ስፌት ይጠይቃል። ምስሉ የትራሱን አንድ ሦስተኛ ቢይዝ እንኳ ለመደቡ ከ17,000 የማያንስ ስፌት ይቀራል። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቀለም ክር በአንድ አኳኋን የሚያስገባና የሚያወጣ እጅ፣ የመረጠው ስፌት ምን እንደሚያተርፍለትና ምን እንደሚያስከፍለው ሊያውቅ ይገባዋል።

መደብን የመተውና የመሸፈን ዘመናት

ለመደቡ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ የጥልፍ ታሪክ ውስጥ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው መልስ መደቡን እንዳለ መተው ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን የያዙበትን ጦርነት የሚያሳየውና በባዮ ከተማ ስም የሚጠራው፣ 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። በልማድ እንደ ሽመና ሥራ ቢጠራም በእውነቱ ጥልፍ ነው። ፈረሶቹ፣ መርከቦቹና ጦረኞቹ በሱፍ ክር ተጠልፈዋል፤ ሰማዩና ምድሩ ግን ያልተነካ የተልባ እግር ጨርቅ ነው።

ሁለተኛው መልስ ሁሉን መሸፈን ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የተልባ እግር ጨርቅን ከዳር እስከ ዳር በሐር ክር የሚሸፍን ጥልፍ ይሠራ ነበር። ለዚህ የዋለው ዘዴ ዛሬ የጡብ ስፌት የሚባለው ነው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጣዩ ረድፍ፣ ግንበኛ ጡብ እንደሚደረድር ሁሉ፣ በግማሽ ተዛንፎ ከፊተኛው ጋር ይጋጠማል። አሠራሩ ለመማር እጅግ ቀላል ነው፤ ሆኖም የሐሩን ውበት አጉልቶ ያወጣል። ከዚህ እንደሚታየው ቀላል ስፌት ለጀማሪ ብቻ የተፈጠረ ማካካሻ አልነበረም፤ የበሰሉ ባለሙያዎችም አውቀውና መርጠው የሠሩበት ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያና በ17ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝ የሰያፍ ስፌት ገነነ። ይህ ስፌት አንዲት የካንቫስ መስቀለኛ ነጥብ ላይ በሰያፍ የምታርፍ ደቃቅ ስፌት ናት። በለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው፣ የብራድፎርድ ምንጣፍ በመባል የሚታወቀው የጠረጴዛ ልብስ፣ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ሲኖረው፣ በአንድ ኢንች ካሬ ውስጥ 400 ያህል ስፌት ይዟል። የወይን ሐረጉም፣ አዳኙም፣ ከኋላቸው ያለው ሜዳና ኮረብታም በዚያችው በአንዲት ዓይነት ስፌት የተሠሩ ናቸው። ተመልካቹ የሚያደንቀው አዳኙንና ወይኑን ነው፤ የሠሪዎቹን ቀናት የበላው ግን በአመዛኙ ሜዳው ነው።

ሦስተኛው መልስ መደቡን በብልኀት መሸሽ ነው። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1568 ወደ እንግሊዝ ተሰደው ከቆዩ በኋላ በሽሩስበሪ መስፍን ጥበቃ ሥር ታሰሩ። በዚያም ከመስፍኑ ባለቤት ከሃርድዊኳ ቤስ ጋር ሆነው ለዓመታት በጥልፍ ሥራ ተጠመዱ። የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ስለ እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ጭምር እንደ ንድፍ እየወሰዱ፣ በትንንሽ የካንቫስ ቁራጮች ላይ በመስቀል ስፌትና በሰያፍ ስፌት ሠሯቸው። ቁራጮቹ ኋላ በአረንጓዴ ቬልቬት ላይ ተሰፉ፤ ዛሬ በኖርፎክ በኦክስበርግ አዳራሽ ይታያሉ። ሰፊውን መደብ ቬልቬቱ ስለያዘው መርፌ አልደከመችበትም። በ1569 ንግሥቲቱን የጎበኘ ኒኮላስ ኋይት የተባለ ሹም እንደ ጻፈው፣ እስረኛዋ ቀኑን ሙሉ በመርፌ ሥራ እንደሚውሉ፣ የቀለማቱ መለዋወጥ ድካሙን እንደሚያቀልላቸው፣ የሚያቆሙትም ሕመም ሲሰማቸው እንደሆነ ነግረውታል። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ምስሉን ሲሠሩ ድካም የሚያስረሳው የቀለም መለዋወጥ ነው፤ መደቡ ግን አንድ ቀለም ነው። ስለዚህ መደብ የሚሠራ ሰው ደስታውን ከቀለም ሳይሆን ከስፌቱ አካሄድ ማግኘት አለበት ማለት ነው።

በትልልቅ የሥራ ቤቶች ደግሞ ይህ ልዩነት ወደ ደመወዝ ልዩነት ተሸጋገረ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1662 በእጁ ባደረገው በፓሪሱ የጎብላን ሥራ ቤት፣ የሰው ፊትና እጅ የሚሠራው ሸማኔ ልብስና መደብ ከሚሠራው የበለጠ ይከፈለው ነበር። ጎብላን የሽመና እንጂ የጥልፍ ቤት አይደለም፤ ነገር ግን የሽመናውን መልክ በመርፌ ለመምሰል የተበጀው የጎብላን ስፌት ስሙን ከዚያው ወስዷል። የክብር አከፋፈሉም ልማድ በጥልፍ ዓለም ሳይቀር ሥር ሰድዶ ኖሯል።

ጀማሪዎች በበኩላቸው የሚማሩበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ እርሱም የመለማመጃ ጨርቅ ነው። በ1520ዎቹ በጀርመን በኦግስቡርግ ከተማ የታተመ የንድፍ መጽሐፍ ይገኛል፤ ሆኖም መጽሐፍ የብዙ ሰው ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ልጃገረዶች ስፌቶችን በአንድ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን እየሠሩ ያከማቹ ነበር። ከብሪታንያ የመለማመጃ ጨርቆች ውስጥ ቀኑ ከተጻፈባቸው ቀዳሚ የሆነው ጄን ቦስቶክ በ1598 የሠራችው ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ የነበራት ሠሪ ለመደብ የሚሆን ስፌት መምረጥ ሲያስፈልጋት ለሌላ ሰው ምክር አትጠብቅም፤ የገዛ እጇ የሞከረውን አውጥታ ታመዛዝናለች።

የበርሊን ካርታዎች

ይህ የማመዛዘን ልማድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ፈተና ገጠመው። በ1804 አካባቢ ፊሊፕሰን የተባለ የበርሊን የሥዕል ነጋዴ በካሬ በተከፋፈለ ወረቀት ላይ የተቀባ የጥልፍ ንድፍ አሳተመ። እያንዳንዷ ካሬ የአንዲት ስፌት ምትክ ናት፤ ቀለሟም በእጅ የተቀባ ነው። በ1810 ደግሞ ቪቲሽ የተባለ ሌላ አሳታሚ በባለቤቱ አሳሳቢነት ሥራውን በሰፊው ተያያዘው። እስከ 1840 ድረስ የታተሙት ንድፎች 14,000 ያህል ደርሰው ነበር። በበርሊን ከሚቀለመው ለስላሳ የሜሪኖ ሱፍ ክር ጋር ተያይዘው ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ የመካከለኛው ኅብረተሰብ ክፍል ሳሎኖችም በውሻ፣ በጽጌረዳና በበቀቀን ምስል ተሞሉ።

የዚህ ፈጠራ በጎ ጎን መካድ የለበትም። ሥዕል መሣል የማትችል ሴት ካሬ መቁጠር ከቻለች ሥራ መጀመር ቻለች። ድርና ማጉ ጥንድ ጥንድ የሆነ፣ በግሪኩ ተረት ቀን የሸመነችውን ሌሊት በምትፈታው በጴኔሎጴ ስም የተጠራ ካንቫስ መጥቶ ቆጠራውን አቀለለው። ነገር ግን ንድፉም፣ ቀለሙም፣ የስፌቱ ዓይነትም አስቀድሞ በሌላ ሰው ስለ ተወሰነ ለሠሪዋ የቀረላት መታዘዝ ብቻ ሆነ። የሰው ሠራሽ ቀለም በ1856 በእንግሊዛዊው ፐርኪን ከተገኘ በኋላ የክሮቹ ቀለም እጅግ ደመቀ፤ አበቦቹም በጥቁር መደብ ላይ መሠራታቸው ፋሽን ሆነ።

የመደቡ ድካም በዚህ ዘመን ራሱን የቻለ የንግድ ጉዳይ ሆነ። ሚስ ላምበርት በ1842 ለንደን ውስጥ ያሳተሙትን የመሰሉ የመርፌ ሥራ መምሪያዎች ስለ መደብ አሞላል ምክር ይሰጡ ነበር። መደቡን መሙላት የሰለቸው ሰው ደግሞ ክሩ በሐር የተጠቀለለ ውድ ካንቫስ ገዝቶ፣ ምስሉን ብቻ ሠርቶ የቀረውን ሳይነካ ሊተወው ይችላል። በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ተገላቢጦሽ ገበያ ላይ ዋለ፤ ምስሉ በሌላ አገር በሙያተኛ እጅ ተጠልፎ ያለቀ፣ መደቡ ብቻ ለገዢዋ የተተወ ካንቫስ ይሸጥ ጀመር። የመጀመሪያው ገዢ ከመደቡ ይሸሻል፤ ሁለተኛዋ ከመደቡ በቀር የሚቀርላት የለም። በሁለቱም ዘንድ መደቡ የሚታየው ማሰብ እንደማይጠይቅ ድካም ነው።

ቀላል ስፌት ማለት ምን ማለት ነው?

መደብ ማሰብን የሚጠይቅ መሆኑን የሚያስረዳው የስፌቶቹ ባሕርይ ነው። አንድ ስፌት ቀላል ነው ሲባል ለመርፌ አካሄዱ ነው ወይስ ለካንቫሱ ጤንነት? ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የሰያፍ ስፌት ከፊት ሲታይ አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ግማሽ የመስቀል ስፌት ነው። ክሩ በፊት ሰያፍ፣ በጀርባ ቀጥ ያለ ሆኖ ስለሚያልፍ ክር ይቆጥባል፤ ለመማርም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጀርባው ስስ በመሆኑ ብዙ ሰው ለሚቀመጥበት ወንበር አይበረክትም፤ ካንቫሱንም ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሁለተኛው በረድፍ የሚሄደው ሙሉ ሰያፍ ነው። በጀርባው ረጅም ክር ስለሚተው ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን በሰፊ መደብ ላይ ሲሠራ አራት ማዕዘኑን ካንቫስ አጣሞ ጋደል ያለ ቅርጽ ያሲዘዋል። ሦስተኛው በቅርጫት አሠራር የሚጠራው ነው። ረድፎቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ፤ በጀርባው ክሩ እንደ ቅርጫት ተጠላልፎ ሁለተኛ ጨርቅ ይፈጥራል። ጫናው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ስለሚከፋፈል ካንቫሱ ከሁሉ ያነሰ ይጣመማል። ጀማሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው የሚወርደውና የሚወጣው ረድፍ ሳያሰልሱ እንዲፈራረቁ ነው። ሁለት ወራጅ ረድፎች ተከታትለው ከተሠሩ በመደቡ ላይ የማይጠፋ መስመር ይታያል። ስለዚህ ሥራ ሲቋረጥ በረድፉ መካከል ማቆም ይመከራል፤ ሲመለሱ አቅጣጫው ወዲያው ይታወቃልና።

ቀጥ ብለው ከሚቆሙት መካከል የጡብ ስፌት ለጀማሪ የተመቸ ነው። ፈጥኖ ይሸፍናል፤ ሰያፍ ስላልሆነም ካንቫሱን አያጣምም። የሃንጋሪ ስፌት አጫጭርና ረዘም ያሉ ቀጥ ያሉ ስፌቶችን አጣምሮ ትንንሽ ዕንቁ መሰል ቅርጾች ያወጣል። የእሳት ነበልባል የመሰለው የፍሎረንስ ስፌት፣ በዚያች ከተማ በባርጄሎ ሙዚየም በሚገኙ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ወንበሮች ምክንያት ባርጄሎ ተብሎ የሚጠራው፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ስፌቱ በረዘመ ቁጥር ቁልፍና ጥፍር ይይዘዋል፤ ስለዚህ ረጅም ስፌት ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለመቀመጫ አይሆንም። ቅርጹ በሰፋ ቁጥርም ከምስሉ ጠርዝ ጋር ሲገናኝ በግማሽና በሩብ መቆረጥ ይኖርበታል፤ ይህም ጀማሪን ያደናግራል። የአበባ ቅጠል በበዛበት ንድፍ ዙሪያ ትንሿ ስፌት ከትልቋ ይልቅ ቀላል የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም የሚታሰብበት ነገር አለ። አንድ ቀለምና አንድ ወጥ የሆነ የሰያፍ መደብ የእጅን አለመስተካከል አይደብቅም፤ የጠበቀውና የላላው ስፌት በግልጽ ይታያል። እንደ ጡብና እንደ ሃንጋሪ ያለ የራሱ ቅርጽ ያለው ስፌት ግን ትንሹን ስሕተት በውስጡ ይሰውራል። በአንጻሩ ቅርጹ ከጎላ ከምስሉ ጋር ይሽቀዳደማል። ክሩም ቢሆን ምርጫ ይፈልጋል። የመደቡ ክር በሙሉ ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ እንዲሆን አስቀድሞ በአንድነት መግዛት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በመካከል የቀለም ልዩነት ይወጣል። እጅግ የረዘመ ክር በካንቫሱ ቀዳዳ ደጋግሞ ሲያልፍ ስለሚሳሳ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በጥንት ዘመን በብረት ጨውና በታኒን የተቀለመ ጥቁርና ቡናማ ሱፍ ከዘመን ብዛት በራሱ ቀለም ተበልቶ መርገፉን የሙዚየም ጠጋኞች በሚገባ ያውቁታል። የመደብ ምርጫ የዕድሜ ምርጫ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የዊንቼስተር ትምህርት

በበርሊኑ ሥራ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አልቀረም። በ1872 በለንደን የተቋቋመው ንጉሣዊ የጥልፍ ጥበብ ትምህርት ቤት የቆየውን ሙያ ለማደስና ችግር ለገጠማቸው የተማሩ ሴቶች መተዳደሪያ ለመስጠት ተነሣ። የዊልያም ሞሪስ ልጅ ሜይ ሞሪስም በ1885 የአባቷን ድርጅት የጥልፍ ክፍል ተረክባ፣ ሠሪ ንድፍን ማወቅ እንደሚገባት አስተማረች። ይሁንና እነዚህ ጥረቶች ይበልጥ ያተኮሩት በሠለጠነው እጅ ላይ ነበር። ጀማሪን በብዛት ይዞ ከፍ ያለ ሥራ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ቆይቶ ነው።

መልሱን ከሰጡት አንዷ በብራድፎርድ በ1870 የተወለዱት ሉዊዛ ፔሰል ናቸው። ከ1903 እስከ 1907 በአቴንስ የጥልፍና የዳንቴል ትምህርት ቤት መርተዋል፤ የቆዩ ስፌቶችን ሰብስበው በመጻሕፍት አሳትመዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በብራድፎርድ ከጦር ሜዳ አእምሯቸው ተናውጦ የተመለሱ ወታደሮች ጥልፍ የሚሠሩበት ማኅበር አቋቁመዋል። መርፌ ይዘው የማያውቁ እጆች በተደጋጋሚና በተስተካከለ ስፌት ዕረፍት ሲያገኙ አይተዋል። ለእንዲህ ያለው ሠሪ ስፌቱ ቀላል መሆኑ የውርደት ምልክት አልነበረም፤ የመድኃኒቱ ክፍል ነበር።

በ1931 የዊንቼስተር ካቴድራል አስተዳዳሪ ለካቴድራሉ የመንበርከኪያና የመቀመጫ ትራሶች እንዲሠሩ በጠየቋቸው ጊዜ ፔሰል ይህንን ልምድ ይዘው መጡ። እስከ 1936 በዘለቀው ሥራ የከተማዋና የአካባቢዋ በጎ ፈቃደኞች ከ300 በላይ መንበርከኪያዎችንና በርካታ የመቀመጫ ትራሶችን ሠሩ። ሲቢል ብላንት የተባሉት ሠዓሊ የካቴድራሉንና የአገሩን ታሪክ የሚያሳዩ ክብ ምስሎችን ነደፉ፤ ፔሰል ደግሞ ስፌቶቹን፣ ጠርዞቹንና መደቦቹን አዘጋጁ። ክብ ምስሎቹ በደቃቅ የሰያፍ ስፌት ለሠለጠነ እጅ ተሰጡ። በዙሪያቸው ያለው ሰፊ ቦታ ግን በመስቀል ስፌት፣ አንድ ክንዱ በረዘመ የመስቀል ስፌትና እነዚህን በመሳሰሉ ሊማሩ የሚቻሉ፣ ጠንካራና ካንቫስ የሚሞሉ ስፌቶች ተሸፈነ። መደቡ አንድ ወጥ ሆኖ እንዳይደርቅ የሰማያዊ ቀለም ልዩ ልዩ ደረጃዎች ተቀላቀሉበት።

የዚህ አሠራር ብልኀት ጀማሪውን በመደቡ ላይ አስቀምጦ መተው ሳይሆን፣ መደቡን ለጀማሪው የሚገባ ሥራ ማድረጉ ነው። የቀለም መለዋወጥ ለንግሥት ሜሪ ድካሙን እንዳቀለለላቸው ሁሉ፣ ለዊንቼስተር ጀማሪም በመደቡ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ተሰጣት። ምሳሌው ተስፋፋ፤ በዌልስ ካቴድራል ከ1937 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ተካሄደ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ትራሶቻቸውን በምእመናን እጅ አሠሩ። በንጉሣዊው ትምህርት ቤት የሠለጠኑት ኤሪካ ዊልሰን በ1954 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1970ዎቹ ጥልፍን በቴሌቪዥን ሲያስተምሩ፣ የጀማሪው ትምህርት ከሳሎንና ከካቴድራል ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ ቤት ገባ።

የዊንቼስተር ትራሶች ከዘጠና ዓመት በኋላም በሥፍራቸው ናቸው፤ በ2019 የታተመ የትሬሲ ሺቫሊየር ልብ ወለድ ታሪክም መነሻው የእነርሱ ሠሪዎች ሕይወት ሆኗል። በአንጻሩ ከበርሊኑ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሱት ያለ ማሰብ ስለ መቅዳት ምሳሌ ሲፈለግ ነው። ሁለቱም ለጀማሪ የተመቹ ነበሩ፤ ሁለቱም ካሬ በመቁጠርና አንድ ስፌት በመደጋገም ላይ የቆሙ ናቸው። የለያቸው የሥራው ቅለት አይደለም። በበርሊኑ ካርታ ቀላሉን የመረጠው ነጋዴው ነው፤ ምክንያቱም ለሠሪዋ አልተነገራትም። በዊንቼስተር ግን ስፌቱ የተመረጠው ለሚንበረከከው ጉልበት፣ ለካንቫሱ ጥንካሬና ለሠሪዋ አቅም ታስቦ ነው፤ ሠሪዋም ምክንያቱን በናሙና እያየች ተምራዋለች።

በዕደ ጥበብ ማሠልጠኛም ሆነ በባህል ማዕከል ጀማሪ የሚያስተምር ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው የተግባር ምክር አለ። ለተማሪው መደቡ ሲሰጠው ሦስት ወይም አራት ስፌቶች በትንሽ ቁራጭ ካንቫስ ላይ አስቀድሞ ይሥራ፤ ቁራጩን በጣቶቹ ይሳበው፤ የትኛው እንደተጣመመ፣ የትኛው ጥፍር እንደያዘ፣ የትኛው ክር እንደጨረሰ ራሱ ይመልከት። ከዚያም ገልብጦ ጀርባውን ይመርምር፤ የግማሽ መስቀሉን ስስ መስመርና የቅርጫት አሠራሩን ጥልፍልፍ ጎን ለጎን ሲያይ፣ ከፊት አንድ የሚመስሉት ሁለት መደቦች ለምን አንድ ዓይነት ዕድሜ እንደማይኖራቸው ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የሚመርጠው ስፌት ከሁሉ የቀለለው ቢሆን እንኳ ምርጫው የራሱ ነው።